እማዬን ጨው የሆነውን ባሕር ለማሳየት፦ የኒስ ጉዟችንን ያቀደልን የጎንደር ቢሮ

እናቴ ያደገችው ጎርጎራ ነው፣ ጣና ዳር። «ባሕር» ስትል ጣናን ማለቷ ነው። አንድ ጥያቄ ግን ከአፏ አይጠፋም ነበር። «ጨው የሆነ ባሕር አለ ይላሉ። እውነት ነው?» ትለኛለች። አዎ እላታለሁ። ራሷን ነቅነቅ አድርጋ ወደ እንዝርቷ ትመለሳለች። አታምነኝም።

እኔ ጎንደር ውስጥ ትንሽ የጥልፍ ሱቅ አለኝ። ከጥቂት ዓመታት በፊት ሊዮን የምትኖር አንዲት ሙሽራ ቀሚስ አዘዘችኝ። የጥልፉን ቀለም ስጠይቃት ስልኳን አውጥታ የባሕር ፎቶ አሳየችኝ። «ይሄን ሰማያዊ» አለችኝ። ደቡብ ፈረንሳይ ያለው የኒስ ባሕር ነበር። የመላእክት ባሕረ ሰላጤ ነው የሚሉት። ክሩን ፍለጋ ገበያውን አዳረስኩት። በመጨረሻ ሦስት ዓይነት ሰማያዊ አቀላቅዬ ነው የቀረብኩት። ስጠልፍ እማዬ አጠገቤ ቁጭ ብላ ትፈትል ነበር። ፎቶውን አየት አድርጋ «ይሄ ነው እንዴ ጨዉ?» አለችኝ። ያን ቀን ልቤ ቆረጠ። ገንዘብ ማጠራቀም ጀመርኩ።

የምጽፈው ጉዞውን ስላቀደልን ቢሮ ነው። ፒያሳ አካባቢ ፎቅ ላይ ያለ፣ ሦስት ሰዎች የሚሠሩበት ትንሽ የጉዞ ቢሮ ነው። ስሙን አልጠራም፤ ጥፋቱንም ስለምናገር። ግን እንዲህ ያለ ጉዞ የሚያስብ ሰው በኔ የደረሰውን ቢያውቅ ይጠቅመዋል።

መጀመሪያ የሄድኩት የካቲት ላይ ነው። የተቀበለችኝ ልጅ ፈገግታዋ ደስ ይላል፣ ግን ትቸኩላለች። መቼ መሄድ እንደምንፈልግ ጠየቀችኝ። «ግንቦት 12» አልኳት። ኮምፒውተሯ ላይ ጻፈች። ስለ ቪዛው ስጠይቃት «በ15 ቀን ይመጣል፣ ሚያዝያ መጨረሻ ብታስገቡ ይበቃል» አለችኝ። ሆቴልም ያኔውኑ ያዘችልኝ፤ ቅናሽ አለው ብላ። ከፈልኩና ወጣሁ።

ቤት ገብቼ ወረቀቱን ሳየው «ሜይ 12» ይላል። ግንቦት 12 እኮ ሜይ 20 ነው! የስምንት ቀን ልዩነት። ሆቴሉ ደግሞ ቢሰረዝ ገንዘቡ የማይመለስ ዓይነት ሆኖ ተገኘ። ያን ሌሊት እንቅልፍ አልወሰደኝም። በየቀሚሱ በክር የለቀምኩት ብር ነው።

በማግሥቱ ስሄድ ሌላው ሠራተኛ ነበር፤ ዕቅዱን የሚሠራው ልጅ። ወረቀቱን አይቶ ዝም አለ። ከዚያ «እታለም፣ ጥፋቱ የኛ ነው» አለኝ። አልተከራከረም። ከሆቴሉ ኪሳራ ግማሹን ቢሮው ቻለ። ሙሉውን መቻል ነበረበት ብዬ አሁንም አምናለሁ። ቀኑን የሳቱት እነሱ፣ የማይመለስ መሆኑንም ያልነገሩኝ እነሱ። ይህን ፊት ለፊት ነግሬዋለሁ።

ግን ከዚያ በኋላ የሆነው ነው ይህን እንድጽፍ ያደረገኝ።

ልጁ ወንበር ስቦ «እስቲ ከመጀመሪያው እንነሳ። ማን ነው የሚሄደው?» አለኝ። ከእናቴ ጋር ነው አልኩት። «እናትዎን ይዘዋቸው ይምጡ» አለኝ። ይዣት ሄድኩ። ሻይ አስመጣላትና ይጠይቃት ጀመር። «እማማ፣ ደረጃ ይወጣሉ? ሳያርፉ ምን ያህል ይሄዳሉ? የትኛውን ጾም ነው የሚጾሙት? ሌሊት ይነሳሉ? አውሮፕላን ተሳፍረው ያውቃሉ?» እማዬ አንድ በአንድ መለሰችለት። ጉልበቷን አሳየችው። እሱ ይጽፋል። እኔ ልብስ ሰፊ ነኝ። ልክ ሳይወስድ መቀስ የሚያነሳ ሰው ያስፈራኛል። ይህ ልጅ ልክ ወሰደ።

ከዚያ ለምን ግንቦት እንደማይሆን አስረዳን። ከኒስ በባቡር ግማሽ ሰዓት ያህል ላይ ያለችው ካን የፊልም ፌስቲቫሏን የምታደርገው በሜይ ወር ነው። በሌላ በኩል ያለችው ሞናኮ ደግሞ የመኪና ውድድሯን ለብዙ ዘመን ያካሄደችው በዚያው ወር ማብቂያ ላይ ነው። ያን ሰሞን የባሕር ዳሩ ሆቴል ሁሉ ዋጋው ሰማይ ይነካል። የያዝነው ሆቴል «ቅናሽ» የተባለው ዋጋ ከጥቅምቱ ጋር ሲተያይ እጥፍ ነበር።

ቪዛውም በ15 ቀን አይደርስም። በኛ ሚያዝያ 2016፣ በፈረንጅ ኤፕሪል 2024፣ የአውሮፓ ኅብረት በኢትዮጵያ አመልካቾች ላይ ደንቡን አጥብቋል። 15 ቀን የነበረው መደበኛ የመልስ ጊዜ 45 ቀን ሆኗል። ደጋግሞ የሚያስገባ ቪዛም እንዳይሰጥ ተደርጓል። ሚያዝያ መጨረሻ አስገብተን ቢሆን ኖሮ ግንቦት 12 እዚሁ ፒያሳ ነበርን።

«አንዴ ብቻ የሚያስገባ ከሆነ ሞናኮ ሄደን ስንመለስ አይከለክሉንም?» አልኩት። ሞናኮ ራሷን የቻለች አገር ናት፤ ግን ከፈረንሳይ ጋር የድንበር ፍተሻ የለም። በባቡር ሄዶ በባቡር መመለስ ነው። መልሱን እያነበበ ሳይሆን አውቆት ነው የነገረኝ።

ጊዜውን ወደ ጥቅምት አዞርነው። እማዬ አንድ ነገር ብቻ ለመነችው። «ኅዳር 6 ቁስቋም ናት። ለእሷ በዓል እዚህ መሆን አለብኝ» አለችው። ጽጌን ትጾማለች። እሱም ኅዳር 6ን ወረቀቱ አናት ላይ በቀይ ጻፈ።

ከሁሉ ያስገረመኝን ልንገራችሁ። ለቪዛው አዲስ አበባ በአካል ቀርቦ አሻራ መስጠት የግድ ነው። ልጁ የእማዬን እጅ ሲያይ ቆየና «እማማ፣ ይፈትላሉ?» አላት። «ሃምሳ ዓመት» አለችው። የቀኝ አውራ ጣቷና ሌባ ጣቷ በእንዝርት ተልጠው እንደ ጠጠር ለስልሰዋል። መስመሩ አይታይም። «አሻራው እምቢ ሊላቸው ይችላል። ከመሄዳችሁ ከአሥር ቀን በፊት ጀምረው ማታ ማታ ቫዝሊን ይቀቡ። ፈትሉንም ይተዉት» አለኝ። በየማታው እየያዝኩ ቀባኋት። ፈትል መተዉ ግን ከበዳት፤ እጇ ሥራ ሲያጣ የት እንደምታደርገው ጠፍቷት ነበር። አዲስ አበባ ላይ ማሽኑ ሁለቴ እምቢ አለ፣ በሦስተኛው ተቀበለ። ከኛ ኋላ የነበሩት አንድ ሽማግሌ ገበሬ በስንት ሙከራ!

ስለ ወረቀቱ ሥራ አጠር ላድርገው። ንግድ ፈቃድ፣ የግብር ክሊራንስ፣ የባንክ እንቅስቃሴ፣ የእማዬንና የኔን ዝምድና የሚያሳይ ማስረጃ፣ ሁሉም ተተርጉሞ። የጉዞ መድን ቢያንስ የ30,000 ዩሮ ሽፋን ያለው። ፓስፖርቱ ከአውሮፓ ከምትወጡበት ቀን በኋላም ሦስት ወር የሚቀረው። የማመልከቻው ክፍያ ለአንድ አዋቂ 90 ዩሮ ነው፣ ቢከለክሉም አይመለስም። ሆቴሉ በዚህኛው ዙር ሊሰረዝ የሚችል ዓይነት ሆነ። የአውሮፕላን ትኬቱም ቪዛው እስኪመጣ ቦታ መያዣ ብቻ። ልጁ አንድ ጊዜም «ቪዛውን አስወጣላችኋለሁ» አላለም። «እኔ ወረቀቱን አስተካክላለሁ፣ የሚወስኑት እነሱ ናቸው» ነው ያለው። ቪዛ በርግጠኝነት አስወጣለሁ የሚል ቢሮ ካጋጠማችሁ ቦርሳችሁን ይዛችሁ ውጡ። የኛ ስድስት ሳምንት ፈጅቶ መጣ።

ዕቅዱ ስድስት ገጽ ነው። በአማርኛ፣ በትልልቅ ፊደል፣ እማዬ ያለ መነጽር እንድታነበው። ቀኑ በኛም በፈረንጅም ተጽፏል። ሰዓቱም እንዲሁ፤ የባቡሩ 9:25 ከሥሩ «ጠዋት 3:25» ይላል። የመጀመሪያው ስህተት አስተምሯቸዋል። ለሁለታችን 15 ሺህ ብር ነው የከፈልኩት፣ ቪዛና ትኬት ሳይጨምር። ዕቅዱን ሳየው አልቆጨኝም።

የምናድረው ኒስ ብቻ እንዲሆን የወሰነው እሱ ነው። ካንም ሞናኮም ስማቸው ይገናል፣ ማደሪያቸውም ይወደዳል። ኒስ መካከል ላይ ናት፣ ባቡሩ ወደ ሁለቱም ይወስዳል። ሆቴሉን ከትራም ፌርማታ ሁለት ደቂቃ ላይ መረጠልን። ሁለት ቁጥር ትራም ከአየር ማረፊያው ቀጥታ ከተማ ያስገባል። ለእማዬ ጉልበት ይህ ትልቅ ነገር ነው።

አየር ማረፊያው ባሕር ዳር ነው፣ ባሕሩን በአፈር ሞልተው ያሰፉት መሬት ላይ። አውሮፕላኑ ሲወርድ ከታች ውሃ ብቻ ነው የሚታየው። እማዬ ነጠላዬን ጨመደደችው። «ልጄ፣ ውሃ ላይ ልንወርድ ነው!» አለች። ይህን ወረቀቱ ላይ መጻፍ ነበረበት። ሰው ቀድሞ ቢያውቀው አይደነግጥም።

ዕቃችንን ጥለን ወደ ባሕሩ ሄድን። የባሕር ዳሩ መንገድ የእንግሊዞች መንገድ ይባላል። በ1820ዎቹ (ከዚህ ወዲህ የምጠራቸው ዓመታት በፈረንጅ ናቸው) እዚያ ይከርሙ የነበሩ እንግሊዞች ናቸው ያሠሩት። አሁን 7 ኪሎ ሜትር ያህል ይረዝማል። ሰማያዊ ወንበሮች ተደርድረዋል፣ ማንም በነጻ ይቀመጣል። የኒስ ዳርቻ አሸዋ አይደለም፣ ድብልብል ጠጠር ነው። ወረቀቱ «ሸራ ጫማ ያዙ፣ በባዶ እግር አይሞከርም» ይል ነበር። እውነቱን ነው። እማዬን በክንዷ ደግፌ ወረድን። ሞገዱ መጥቶ ሲመለስ ጠጠሩ ይንከባለልና ሽሽሽ ይላል፣ ጤፍ በወንፊት ሲነፋ እንደሚሰማው። ጎንበስ ብላ ጣቷን ነከረች። ያን የለሰለሰ ሌባ ጣቷን። ላሰችው። ፊቷ ጭምድድ አለ። ከዚያ ዞር ብላ አየችኝ። «ጨው ነው!» አለች። «እውነታቸውን ነው!» ደግማ ነከረች፣ ደግማ ላሰች። እኔ አለቀስኩ።

በማግሥቱ ሰኞ ነበር። ወረቀቱ «ኩር ሳሌያ፣ የአበባና የአትክልት ገበያ» ይላል። ስንደርስ አበባ የለም። ለካ ሰኞ የአሮጌ ዕቃ ገበያ ነው፣ አበባው ከማክሰኞ እስከ እሑድ። ልጁ ይህን አላጣራም። እማዬ ግን በመዳብ ድስቱና በቡና መፍጫው ዕቃ ተደሰተች፣ ቀኑ አልባከነም።

ከገበያው ቀጥሎ ያለው የግንብ ኮረብታ ይባላል። ሊፍት አለው፣ በነጻ። ልጁ «ደረጃው ለእማማ አይሆንም፣ ሊፍቱ በባሕሩ በኩል ነው» ብሎ አስምሮበታል። ወጣን። ከተማው ከነቀይ ጣሪያው፣ ባሕሩ ከነኩርባው ከታች ተዘረጋ። ያ የጥልፌ ሰማያዊ ፊት ለፊቴ ነበር። ሦስቱም ክሮች አሉበት፤ ዳሩ ላይ የነጣው፣ መሐሉ፣ ራቅ ሲል የጠቆረው። እማዬ ግን ዙሪያዋን ታያለች። «ግንቡ የት አለ?» አለችኝ። የፋሲልን ግንብ እያየች የኖረች ሰው ናት። ግንቡ የለም። በ1706 በፈረንሳዩ ንጉሥ በሉዊ 14ኛ ትእዛዝ ፈርሷል። የቀረው ስሙና ጥቂት ፍርስራሽ ነው። ስነግራት በጣም አዘነች። «የኛን እግዜር ይጠብቅልን» ብላ አማተበች። ኒስ በ2021 በዓለም ቅርስነት ተመዝግባለች፤ የኛው ፋሲል ግቢ በ1979። ከቅርስ ከተማ ወደ ቅርስ ከተማ ነው የሄድነው።

ስለ ምግቡ። ልጁ «ሶካ» ብሎ ጽፎ ከጎኑ «የጾም ነው» ብሏል፤ ሌላ ማብራሪያ የለውም። አሮጌው ከተማ ጠባብ መንገድ ላይ ሰልፍ አየን። በትልቅ ክብ የመዳብ ምጣድ፣ በእንጨት እሳት ምድጃ ይጋግሩታል። ጠርዙ ያረረ፣ መሐሉ ለስላሳ። እየቦጨቁ በወረቀት ይሰጧችኋል፣ ቁንዶ በርበሬ ነስንሰው። እማዬ ገና ሳትቀምሰው አሸተተችው። «ይሄማ ሽምብራ ነው!» አለች። ትክክል ናት። የሽምብራ ዱቄት፣ ውሃ፣ የወይራ ዘይት፣ ጨው። ከዚያ ቀን ጀምሮ ምሳችን ሶካ ሆነ። አብሮን የሄደው ሚጥሚጣ ወጣ። ቁንዶ በርበሬው ለእሷ አልበቃትም።

ረቡዕ የሠዓሊው የሻጋል ሙዚየም ነበር። ልጁ ማክሰኞ ዝግ መሆኑን አውቆ ረቡዕ አድርጎታል፣ በዚህ ተሳክቶለታል። እውነት ለመናገር እኔ መሄዱን አልፈለግኩም ነበር። የፈረንጅ ሥዕል እማዬን ይሰለቻታል ብዬ። ስገባ አፈርኩ። 17 ትልልቅ ሥዕሎች፣ ሁሉም ከመጽሐፍ ቅዱስ፤ ከዘፍጥረት፣ ከዘጸአት፣ ከመኃልየ መኃልይ። ጽሑፉን ማንበብ አያስፈልጋትም። «አብርሃም ልጁን ሊሠዋ ሲል። ያውና መልአኩ» አለች። «ይሄ ያዕቆብ ነው፣ መሰላሉን አየሽው?» «የኖኅ መርከብ!» እኔን የምትመራኝ እሷ ሆነች። ደብረ ብርሃን ሥላሴ ግድግዳ ሥር ቆማ እንደምታስረዳኝ አድርጋ በጣቷ እያሳየች። አንዲት ፈረንሳዊት ሴትዮ አማርኛውን ባትሰማም ከኛ ጋር አብራ ትከተል ጀመር። ሁለት ሰዓት ቆየን። ወንበር በየቦታው አለ፣ ጉልበቷም አላስቸገራትም። ይህን ቦታ የመረጠው ልጅ ኒስን ረግጧት አያውቅም። ሽማግሌ እናት ይዞ የሚሄድ ሰው ምን እንደሚያስደስተው ግን ገብቶታል።

የሩሲያ ኦርቶዶክስ ካቴድራሉም በዕቅዱ ነበር፣ በ1912 የተመረቀው የቅዱስ ኒቆላዎስ። «ነጠላ ያዙ» ይላል ወረቀቱ። የኛ ቤተ ክርስቲያን አለመሆኑን እማዬ ታውቃለች፤ ደጁን ስማ ጸሎቷን አድርሳ ወጣች። በባሕር ዳሩ መንገድ ደግሞ በጁላይ 14፣ 2016 በጭነት መኪና ጥቃት ያለቁት የ86 ሰዎች ነገር ነበረ። ስነግራት መንገዱ ዳር ቆማ ነፍስ ይማር አለች። ይህም ወረቀቱ ላይ ቢኖር ጥሩ ነበር። በዓል ሊያይ የመጣ ሕዝብ ነው ያለቀው። የሚረግጡትን መሬት ማወቅ ይገባል።

ከዕቅዱ ያልወደድኩት ሐሙስን ነው። ጠዋት ሞናኮ፣ ከሰዓት ማንቶን የምትባለው ከተማ፣ በአንድ ቀን። ሞናኮ ውብ ናት፣ አልክድም። ጠቅላላ ስፋቷ 2 ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል ነው፣ ግን ሁሉ ነገር ሽቅብና ቁልቁል። ቤተ መንግሥቱ ፊት 5:55 ላይ፣ በነሱ 11:55 ማለት ነው፣ የዘበኞቹ መቀያየር አለ። ለእሱ ስንሮጥ የእማዬ ጉልበት አበጠ። ማንቶንን ሰርዘን ተመለስን። ያን ሁሉ ጥያቄ የጠየቃት ልጅ ሐሙስ ላይ መልሷን ረሳው። ዓርብ ደግሞ ቀኑን ሙሉ ዘነበ። ጥቅምት እዚያ የዝናብ ወቅት ነው፣ ዕቅዱ ግን ለዝናብ ያሰበው ነገር የለም። ሆቴል ተቀመጥን። ፈትሏን ይዛ መጥታ ነበርና እማዬ በመስኮቱ ባሕሩን እያየች ፈተለች።

ለቁስቋም በሰዓቱ ደረስን። በሳምንቱ ስድስቱን ገጽ ይዤ ቢሮው ሄድኩ። ጠርዙ ላይ ሁሉ በእስክሪብቶ ጽፌበታለሁ። ሰኞ አበባ የለም። ሞናኮና ማንቶን በየቀናቸው። ለዝናብ ቀን አንድ የተጠጋጋ ቦታ። አውሮፕላኑ በውሃ ላይ ነው የሚወርደው፣ አትደንግጡ። ልጁ እያንዳንዱን አነበበና ፎቶ ኮፒ አነሳው። ከአዘዞ የመጡ አንዲት እናትና ልጅ ለሚቀጥለው ዓመት ጠይቀውኛል አለኝ።

እማዬ አብራኝ ነበረች። «አንተ ልጅ፣ አንድ ቀርቶሃል» አለችው። እስክሪብቶውን አንስቶ ጠበቃት። «ሶካው ያለበት ላይ ጻፍ። ሚጥሚጣ ይያዙ በል።» ጻፈው።